አንገት የሌለው ተርብ

የበደለኝ የነፍሳት ክፍል ኃላፊያችን ነው። የበደለኝም በ2010 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ሲቀረኝ ነው። ስሙን አልጽፍም። የመሥሪያ ቤቱንም ስም አልጽፍም። አምቦ ውስጥ የሚያውቁት ያውቁታል፤ የማያውቁትም ይህን አንብበው ሲጨርሱ መንገድ ላይ ቢያዩት ይለዩታል።

እኔ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ነበርኩ። ሥራዬ ነፍሳት ማርባት፣ መግደል፣ በመርፌ መሰካትና በማይክሮስኮፕ ማየት ነበር። ጎረቤት ምን እንደምሠራ ሲጠይቀኝ «መንግሥት ቤት» ብዬ አልፋለሁ። ትል ቀልባ ታሳድጋለች ተብሎ እንዲወራብኝ አልፈልግም ነበር።

እሱ የመጣው እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ከሠራሁ በኋላ ነው። በዕድሜ አሥራ አንድ ዓመት እበልጠዋለሁ፤ ገና በመጀመሪያው ቀን «አንቺ» አለኝ፤ እኔ ግን «እርስዎ» እለው ነበር፤ የቢሮ ሥርዓት ነውና። በአራት ዓመት ውስጥ ማይክሮስኮፑ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ጎንበስ ብሎ አላየም። «ማየት የቴክኒሻን ሥራ ነው፤ የእኔ ሥራ ማረጋገጥ ነው» ይል ነበር። ሳያይ ምኑን እንደሚያረጋግጥ አንድ ቀን ጠየቅኩት። «ፊርማውን» አለኝ።

የሚወደው ነገር ቅጽ ነው። ከሁሉም የሚወደው ራሱ ያወጣውን የናሙና ርክክብ ቅጽ ነበር። ከቅርንጫፍ ወደ ዋናው ክፍል የሚመጣ ማንኛውም ነፍሳት መልኩ በጽሑፍ ተገልጾ ከቅጹ ጋር ይያያዛል። የክፍሉ ኃላፊ «ናሙናውን ከመግለጫው ጋር አመሳክሬ፣ መመሳሰሉን አረጋግጬ ተረክቤያለሁ» ከሚለው ሥር ይፈርማል። መግለጫውን መለወጥ የሚችለው ናሙናውን በዓይኑ ያየ ሰው ብቻ ነው። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ካልተፈረመ ጉዳዩ ለሥራ አስኪያጁ ይቀርባል። ይህን ሁሉ የጻፈው እሱ ነው። ግድግዳ ላይ በመስታወት አሠርቶ ሰቅሎታል። እኔ በየቀኑ በሥሩ ስለማልፍ በቃሌ አጥንቼዋለሁ።

መጤ ተምች በቆሎውን በወረረ በሁለተኛው ዓመት፣ በመስከረም፣ የጉደር ገበሬዎች ትሉን በባዶ የውሃ ጠርሙስ አድርገው አመጡልን። እያንዳንዱን ትል ለየብቻው በብልቃጥ አደረግኩና የበቆሎ ቅጠል እየቀየርኩ ቀለብኩት። ጥቂቶቹ መብላት አቆሙ። ከዚያ ሞቱ፤ አጠገባቸውም የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነጭ ጎጆ ተገኘ። ከሳምንት በኋላ ከጎጆው ውስጥ ከተልባ ፍሬ የማይበልጥ ተርብ ወጣ።

እንዲህ ያለ ተርብ ሰው አይነድፍም። ሴቷ በሕይወት ያለውን ትል ወግታ እንቁላሏን ውስጡ ትጥላለች። ልጇ ትሉን ከውስጥ በልቶ ይወጣል፤ ትሉ ይሞታል፣ በቆሎው ይተርፋል። ገበሬ በነጻ የሚያገኘው ብቸኛ መድኃኒት ይኸው ነው።

መሳቢያዎቻችን ውስጥ ካሉት ተርቦች ሁሉ ጋር አስተያየሁት። አንዱንም አልመሰለም። የመለያ መጽሐፉን ከፍቼ ጥያቄውን እየተከተልኩ ሄድኩ፤ ክንፉ እንዲህ ከሆነ ወደዚህ እለፍ፣ እግሩ እንዲያ ከሆነ ወደዚያ እለፍ ይላል። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ሁለት ምርጫ ሰጠኝ፤ ተርቡ ሁለቱንም አልነበረም። ወንበሬ ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ ለኃላፊው ነገርኩት። እሱም እኔ ያነሳሁትን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ለሚገኙ አንድ የዘርፉ ምሁር ላከ። ምሁሩ «አዲስ ዝርያ ሳይሆን አይቀርም፤ መልኩን በዝርዝር ጽፋችሁ ላኩልን» አሉ።

«በአማርኛ ጻፊው» አለኝ ኃላፊው። «በዓመቱ የግምገማ ቀን ለገበሬዎቹ አነበዋለሁ። ለአዲስ አበባ የሚሄደውን እንግሊዝኛ እኔ እሠራዋለሁ።»

«ስሜ ይገባል?»

«መጀመሪያ ጻፊው።»

ሦስት ቀን ሙሉ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንብሼ ጻፍኩ። ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ይህንን ደጋግሜ የምለው ደጋግመው ስለጠየቁኝ ነው። ስጽፍ ምንም አልታወቀኝም። በንጹሕ ወረቀት ስገለብጠው ታወቀኝ። አልሰረዝኩም፤ የሚሰረዝ ውሸት አልነበረበትም።

የግምገማው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከጉደርና ከደንዲ የመጡ ገበሬዎች ከኋላ፣ የወረዳ ሰዎች ከፊት ተቀምጠዋል። ኃላፊው ጀርባው በመተኮስ ብዛት የሚያብረቀርቀውን ቡናማ ሱፉን ለብሶ ወጣ። ወረቀቱን አስቀድሞ አላነበበውም፤ ፈርሞበት ግን ነበር። አጠገቡ አንድ ልማት ሠራተኛ ቆሞ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ወደ ኦሮምኛ ይመልሳል።

«ናሙናው ወንድ ነው» ብሎ ጀመረ። «መልኩ ቡናማ ሲሆን ጀርባው ያብረቀርቃል። ጭንቅላቱ ከደረቱ ይሰፋል። አንገት የለውም ማለት ይቻላል።»

ከፊት ወንበር አንድ ሰው አሳለ። ልማት ሠራተኛው ተረጎመ፤ ከኋላ ወንበር አምስት ስድስት ሰዎች አሳሉ።

«ግንባሩ ወደ ፊት የወጣ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ፀጉር የሌለው ነው። ከአፉ በላይ ስስ፣ ተራርቆ የበቀለ ፀጉር አለ። ወገቡ እንደታሰረ ቀጭን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሆዱ በድንገት ይነፋል፣ በተለይ ከተመገበ በኋላ።»

ሳቁ ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ አማርኛ የሚሰሙት ይስቃሉ። እነሱ አፋቸውን ይዘው ዝም ሲሉ ትርጉሙ ይደርስና የኋላው ይነሣል። ሁለቱንም የሚሰሙት ሁለት ጊዜ ሳቁ፤ አምቦ ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ሰው ሁለቱንም ይሰማል። ተርጓሚው ልጅ «ሆዱ ይነፋል» የሚለው ላይ ሲደርስ ጣሪያ ጣሪያ እያየ ነበር የሚናገረው።

ኃላፊው የሚስቁት በተርቡ መስሎት ራሱም ፈገግ አለ። ገበሬ ደስ ብሎት ሲሰማ አይቶ አያውቅም ነበርና ድምፁን ከፍ አደረገ። «የኋላ እግሮቹ ወደ ውጭ የታጠፉ ናቸው። ሲራመድ ክንፎቹን ጀርባው ላይ ያጣምራል። ቆም ብሎ ፊቱን በፊት እግሮቹ የማሻሸት ልማድ አለው።» ይህን ካነበበ በኋላ ወረቀቱን አስቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ አሻሸ። ያደርገዋል። ሁልጊዜ ያደርገዋል።

ከደንዲ የመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። «ኦቦ፣ ይህ ፍጥረት ሚስት አለው?»

የተገኙት ተርቦች ሁሉ ወንዶች ስለነበሩ መልሱን ወረቀቱ ላይ አገኘው። «ብዙ ተፈልጎለት እስካሁን አልተገኘችለትም» ብሎ አነበበ።

ኃላፊያችን አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ አላገባም። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ሦስት ጊዜ እንደተመለሱበት ከተማው ያውቃል። የፊቱም የኋላውም አንድ ላይ ሳቀ፤ ተርጓሚውን የጠበቀ አልነበረም። እሱም የገባው ያን ጊዜ ነው። ወረቀቱን አንሥቶ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ በዓይኑ አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ ከአዳራሹ መካከል እኔን ፈለገ። እኔ አልሳቅኩም ነበር። አለመሳቄን ነው ኋላ በክሱ ውስጥ እንደ ማስረጃ ያቀረበው።

የክሱ ደብዳቤ በሦስተኛው ቀን ደረሰኝ። «በነፍሳት ስም የኃላፊን መልክ በመግለጽ ክብር መንካት» ይላል። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተሰየመ። ሰብሳቢው ሁሉም ሰው «ኦቦ» ብቻ የሚላቸው የአስተዳደሩ ሽማግሌ ነበሩ። ጸሐፊዋ በቤተ ክርስቲያኗ የምትዘምር ጴንጤ ታይፒስት፣ ሦስተኛው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። ማይክሮስኮፑ ወደ ስብሰባው ክፍል ተወሰደ። ኃላፊውንም ብርሃን እንዲያገኘው ብለው መስኮቱ አጠገብ አስቀመጡት።

«አዴ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው?» አሉኝ ሰብሳቢው።

«ደኅና ነው ኦቦ።»

«ይህን የጻፉት ስለ ማን ነው?»

«ስለ ተርቡ።»

«እስቲ ልየው» ብለው ጎነበሱ። ብዙ ቆዩ። «ጥቁር ሣር ነው የሚታየኝ።»

«የራስዎ ሽፋሽፍት ነው ኦቦ። ትንሽ ራቅ ይበሉ።»

ራቅ አሉ። ቀና ብለው ኃላፊውን አዩት። እንደገና ጎነበሱ፤ እንደገና ቀና ብለው አዩት። «ያ ዋቅ» ብለው በለሆሳስ አምላካቸውን ጠሩ።

ጸሐፊዋ መግለጫውን መስመር በመስመር ማንበብ ጀመረች። እሳቸው መጀመሪያ ተርቡን፣ ቀጥሎ ኃላፊውን ያያሉ።

«አንገት» አለች።

«ተርቡ የለውም። አቶ ኃላፊ፣ እስቲ ቀና ይበሉ። ኮሌታዎን ዝቅ ያድርጉት። እሺ። መዝግቢ፤ ተርቡ የለውም፣ እሳቸው በመጠኑ አላቸው።»

«ሚስት» አለች፤ አንገቷን ደፍታ።

እዚህ ላይ ማስረዳት ነበረብኝ። በዚህ ዓይነት ተርብ እናቲቱ ወንድ ሳታገኝ እንቁላል ከጣለች የሚወለዱት ሁሉ ወንዶች ይሆናሉ፤ የእኛዎቹ ሁሉ ወንድ የሆኑት ለዚህ ሊሆን ይችላል አልኩ።

«አባት የላቸውም ማለት ነው?» አለች ጸሐፊዋ።

«ወንዶቹ የላቸውም።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «ይህንን እኔ ቃለ ጉባኤ ላይ አልጽፍም» አለች። አልጻፈችም።

የንብረት ክፍል ሠራተኛው እጁን አወጣ። «እኔ እንደሚገባኝ የቅድሚያ ጉዳይ ነው» አለ። «እሳቸው የተቀጠሩት ከአራት ዓመት በፊት ነው። ተርቡ የተገኘው በመስከረም ነው። ስለዚህ የመሰላቸው ተርቡ ነው።»

«ተርቡን መቅጣት አንችልም» አሉ ሰብሳቢው፤ ከልባቸው አስበው።

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። «እሳቸውም ይዩት» አልኩ። «ቢያዩት ተርብ መሆኑ ይገባቸዋል።» ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ማይክሮስኮፑ ከወንበሩ ሁለት እርምጃ አይርቅም ነበር።

«ማየት የእኔ ሥራ አይደለም» አለ።

ይኸው ነው በደሉ። መክሰሱ አይደለም። ሁለት እርምጃ ሄዶ አንድ ጊዜ ቢያይ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ኮሚቴው መግለጫው እውነት ነው፤ ነገር ግን ለመሥሪያ ቤቱ ገጽታ አይመችም ብሎ ወሰነ። እኔ አልቀጣም፤ ተርቡ ግን ይስተካከላል። የተስተካከለውን ኃላፊው ራሱ ጻፈው፦ «ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ጋር የተመጣጠነ፣ አንገቱ በቂ፣ ግንባሩ ሰፊ፣ ዓይኖቹ አስተዋይ፣ ሆዱ የተሰበሰበ፣ አረማመዱ የረጋ ነው።» ታይፒስቷ ጽፋ ስታመጣልኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እትዬ፣ እንዲህ ያለ ተርብ ከተገኘ እኔም አገባዋለሁ» አለችኝ።

ከሥሩ «ናሙናውን በዓይኔ አይቼ የገለጽኩ» የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ መፈረም የሚችለው ያየ ሰው ብቻ ስለሆነ እሱ መፈረም አይችልም። ያየሁት እኔ ነኝ። ከፈረምኩ ጽሑፉ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ለየወረዳው ልማት ሠራተኞችም ይበተናል። ካልፈረምኩ ካቺሲ ቅርንጫፍ የቴክኒሻን ቦታ ክፍት ነው ተባልኩ። እሱ ነው ያለው፤ ሌላ ማንም አላለም።

ካቺሲን አውቃታለሁ፤ ለሥራ ሄጃለሁ። መንገዱ ጉልበቴን አይወድም። አምቦ ሁሉቃ ወንዝ አጠገብ ሦስት ክፍል ቤት አለኝ፤ ሠርቼ ያቆምኩት ነው፣ ማንም አልረዳኝም። ሁለት ዓመት ዝም ብዬ ብቀመጥ ከዚያው ቤት ጡረታ እወጣለሁ። ወረቀቱን ቤቴ ወስጄ ሦስት ቀን አቆየሁት።

ግን በዚያ ጽሑፍ ተርቡን የሚፈልግ ሰው የሚፈልገው በቂ አንገት ያለው፣ የረጋ ተርብ ነው። አያገኝም። በቆሎው ላይ የሚያገኘው አንገት የሌለውን፣ ሆዱ የተነፋውን ነው፤ ተባይ ነው ብሎ መድኃኒት ይረጭበታል። ገበሬውን ያለ ክፍያ የሚያገለግለውን ፍጥረት የሚያስገድለው ደግሞ የእኔ ፊርማ ይሆናል። ከሃያ ዓመት በላይ ሳይ ከርሜ ከሌላው ሰው ሁሉ ቀድሜ ያየሁት ነገር ቢኖር እሱ አንድ ተርብ ነው።

በአራተኛው ቀን ኮሪደሩ ላይ አስቆመኝ። እጆቹን ጀርባው ላይ አጣምሮ ነበር።

«ፈርሚና ይለቅ» አለኝ። «ሁለት ዓመት ነው የቀረሽ።»

«አንገት የለውም።»

«አንድ አንገት ምን ያደርግልሻል?»

«ለእኔ ምንም አያደርግልኝም። የሌለው እሱ ነው።»

ስለ ማን እንደተናገርኩ ለማወቅ ፊቴን አየው። ፊቴን ማንበብ ለሱ ቀርቶ ለሌላም ሰው ቀላል አይደለም። «ካቺሲ ብርድ ነው» አለኝ በመጨረሻ።

«ሹራብ አለኝ።»

የዝውውር ደብዳቤው በታኅሣሥ ወጣ። ቤቴን ለእህቴ ልጅ ትቼላት በጥር ሄድኩ። ቅርንጫፉ አንድ ክፍል፣ አንድ መደርደሪያ፣ መደገፊያው የወለቀ አንድ ወንበርና አንድ ያረጀ ማይክሮስኮፕ ነበር። የገበያ ቀን ከቆላው በቆሎ የሚያርሱ ገበሬዎች ሲወጡ ትሉን እንዲያመጡልኝ ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ክረምት አመጡልኝ። ትሎቹን ቀለብኳቸው። ከሦስተኛው ብልቃጥ ተርቡ ወጣ፤ ጭንቅላቱ ከደረቱ ይሰፋ ነበር፣ አንገት አልነበረውም። ከሳምንት በኋላ ሴቷም ወጣች። እሷም አንገት የላትም። ሚስት ስለተገኘችለት መግለጫው ላይ ያችን አንዲት መስመር ብቻ አስተካከልኩ። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ረቡ።

ከዚያ ያደረግኩት ይህ ነው።

አንድ ወንድ ተርብ በአልኮል ብልቃጥ አደረግኩ። የመጀመሪያውን መግለጫ፣ ያቺ መስመር ስትቀር ሌላ ሳልቀይር፣ አያያዝኩ። የርክክብ ቅጹን ሞልቼ በአውቶቡስ ለነፍሳት ክፍል ኃላፊ ላክኩ። «መግለጫው ይስተካከል» ብሎ መለሰው። እኔም በቅጹ መሠረት መግለጫውን መለወጥ የሚችለው ናሙናውን በዓይኑ ያየ ሰው ስለሆነ፣ አይተው የተሳሳተውን መስመር እንዲጠቁሙኝ ብዬ ጻፍኩለት። መልስ አልመጣም። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጉዳዩ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ቀረበ። ሥራ አስኪያጁ ወይ ይየው፣ ወይ ይፈርም አሉ። አላየም። ፈረመ።

በፈረመ በአሥራ አምስተኛው ቀን ሁለተኛውን ላክኩ።

አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከዚያው መግለጫ ጋር፣ ስሜን ጽፌ፣ ለአዲስ አበባው ምሁር ላክኩ። «አንገቱን በሚገባ ገልጸዋል» ብለው ጻፉልኝ። የቀሩትን ተርቦች በቆሎ ማሳ ላይ ለቀቅኳቸው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለኃላፊው ሃያ ሦስት ላክኩለት። በሃያ ሦስቱም ላይ አመሳክሬ፣ መመሳሰሉን አረጋግጫለሁ ብሎ ፈርሟል። ቅጂዎቹ እኔ ዘንድ አሉ።